እንግሊዝኛ በጣና ዳርቻ፦ የሐረጋዊ ግሶች ትምህርት ታሪክ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ የተለመደ ግስ «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ኦን» ከመሳሰሉት ትናንሽ ቃላት ከአንዱ ጋር ተጣምሮ፣ የሁለቱን ፍቺ በመደመር ሊደረስበት የማይቻል ሌላ ፍቺ ሲሰጥ፣ ጥምረቱ ሐረጋዊ ግስ ተብሎ ይጠራል። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ ቢሆንም፣ «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ወይም ይዘው የቆዩትን ነገር መተው ነው፤ «ሉክ» ማየት፣ «አፍተር» በኋላ ቢሆንም፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው። እነዚህ ጥምር ግሶች በሊቃውንት ድርሳን ውስጥ አልፎ አልፎ፣ በቤት፣ በገበያና በመንገድ ንግግር ውስጥ ግን በየዓረፍተ ነገሩ የሚገኙ በመሆናቸው፣ እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ተምሮ ሰዋስውን አጣርቶ ያወቀ ሰው እንኳ ሁለት የቋንቋው ባለቤቶች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ መከተል የሚያቅተው በአብዛኛው በእነርሱ ምክንያት ነው። የእንግሊዝኛ ትምህርት በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የተጓዘበትን መንገድ በእነዚህ ግሶች በኩል መመርመር፣ ትምህርት ቤቱ ምን እንዳስተማረ፣ ምን እንደዘለለ፣ የተዘለለውንም ሕዝቡ ከየት እንደቀሰመ ለማየት ያስችላል።

የእነዚህ ግሶች አስቸጋሪነትና የጣና አካባቢ ታሪክ በአንድ እንግሊዛዊ ሥራ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግስን ተከትላው በምትመጣ ትንሽ ቃል ፍቺውን መለወጥ በእንግሊዝኛ ምናልባትም ከሌሎች ቋንቋዎች ሁሉ ይልቅ የተለመደ እንደሆነ፣ ለባዕድ ተማሪም ከዚህ የከበደ ችግር እንደሌለ ገልጾ፣ ጥምረቶቹን በልዩ ጥንቃቄ እንደመዘገበ አስረድቷል፤ «ቴክ» ለሚለው አንድ ግስ ብቻ ከ130 በላይ ፍቺዎችን መዘርዘሩ የዚህ ድካም ምስክር ነው። ይኸው ሰው ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1735፣ የመጀመሪያ መጽሐፉ አድርጎ ያወጣው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የነበረውን የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነው፤ ሎቦ የዓባይን ምንጭ፣ የጣናን ሐይቅና ወንዙ ከሐይቁ ወጥቶ የሚወርድበትን ፏፏቴ ገልጾ ስለነበር፣ የእንግሊዝኛ አንባቢ ስለዚህ አካባቢ ሰፊ ገለጻ ካገኘባቸው ቀደምት መጻሕፍት አንዱ በጆንሰን እጅ አለፈ ማለት ነው። ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ» የተባለውን፣ ዋና ገጸ ባሕርዩ የሐበሻ መስፍን የሆነውን ልብ ወለድ ጽፏል፤ ይህም ልብ ወለድ ከጊዜ በኋላ በኦክስፎርድ በተማሩት በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ጆንሰን ችግሩን ቢገልጸውም ለጥምረቶቹ የተለየ ስም አላወጣላቸውም፤ ዛሬ በዓለም የሚሠራበት ስያሜ የታተመው በ1925 ሲሆን፣ ያሳተመው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ስሙን ያገኘው ከታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች አንዱ ከነበረው ከሄንሪ ብራድሊ እንደሆነ ገልጿል።

በጣና ዙሪያ ግን በእነዚያ ዘመናት ቋንቋ የመማሩ ሸክም በእንግዳው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከባላባቱም ከገበሬውም ጋር የተነጋገረው በሀገሬው ቋንቋዎች ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከዐፄ ቴዎድሮስ አጠገብ ያልተለየው ጆን ቤልም አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ፣ ሐበሻ አግብቶ የኖረ ሰው ነበር። በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል የመጀመሪያውን ሰፊ መዝገበ ቃላት በ1841፣ የሰዋስው መጽሐፉንም በ1842 በለንደን ያሳተመው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ እንኳ ሥራውን ያዘጋጀው በዋናነት አማርኛ ለሚማሩ አውሮፓውያን ነው። በዳንግላ ተቀምጦ ከ1925 እስከ 1934 የብሪታንያ ቆንስል የነበረውና የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ የለካው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማንም ያገኘው ሁኔታ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሐይቁ ዳር ነዋሪ እንግሊዝኛ የሚማርበት ግድ አልነበረውም።

የዚህን ተቃራኒ የኖሩ አንድ የጎንደር ተወላጅ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አላቸው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀ በኋላ በልጅነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም አደጉ፤ ሕክምና ተምረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ሀገራቸው ሲመለሱም እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩት እንግሊዝኛን ነበር፤ የተወለዱበትን አማርኛ እንደገና መማር ነበረባቸው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊው እርሳቸው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ በጣና መውጫ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከዋል። የጣና ውኃ ጉዳይ በ1902 እ.ኤ.አ. ከብሪታንያ ጋር በተፈረመው ውል ምክንያት በእንግሊዝኛ የሚከራከሩበት ጉዳይ ሆኖ ነበርና፣ ቋንቋውን ከነዘዬውና ከነፈሊጡ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በዚያ ድርድር ውስጥ መገኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሐኪም ወርቅነህ እንግሊዝኛን ያገኙት አብረው ከሚኖሩ ሰዎች አፍ ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የሀገሪቱ ተማሪዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የተማሩት ከሰሌዳና ከደብተር ነው፤ የሐረጋዊ ግሶች ጉዳይ የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው።

ዘመናዊ ትምህርት በኢትዮጵያ ሲጀመር የበላይነቱን የያዘው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ያስተምር እንጂ፣ የቤተ መንግሥቱ፣ የባቡሩና የዲፕሎማሲው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ተማሪውም ወደዚያው ያደላ ነበር። ሁኔታውን የለወጠው ጦርነት ነው፦ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር ከአርበኞች ጋር የገባው የብሪታንያ ጦር፣ አማካሪዎቹና መምህራኑ እንግሊዝኛን የትምህርትና የቢሮ ቋንቋ አድርገው አስከተሉ፤ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በብሪቲሽ ካውንስል የሚመራው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። ወደ ኮሌጅ የሚያስገባው፣ ሕዝቡ ማትሪክ የሚለው ፈተናም በእንግሊዝኛ ሆነ። ከጎጃምና ከበጌምድር የመጣ ወጣት በዚህ ፈተና ካላለፈ መንገዱ ተዘጋ፤ ፈተናው የሚለካው ደግሞ አንብቦ መረዳትን፣ የቃላት ዕውቀትንና የሰዋስው ትክክለኛነትን እንጂ የዕለት ንግግርን አልነበረም።

የጎጃምና የጎንደር ልጅ ወደዚህ ትምህርት የመጣው ባዶ እጁን አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከሐይቁ ደቡብ በሚገኙት በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪው የግዕዝን ግስ በቃሉ ያጠና ነበር፤ ግሱን በየእርባታው እያፈራረቀ፣ ከመምህሩ ፊት እየቀረበ፣ ዓመታት ፈጅቶ ያከማቸዋል። ከዚህ ቤት የወጣ ወይም በዚህ ልማድ አካባቢ ያደገ ተማሪ የእንግሊዝኛ ግሶችን በሦስት ረድፍ የሚያሰልፈው ሰንጠረዥ ሲቀርብለት ነገሩ አዲስ አልሆነበትም፤ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ በዜማ ያህል መድገም በኢትዮጵያ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ውስጥ የቆየው የመማሪያ መጻሕፍቱ ስላዘዙ ብቻ ሳይሆን፣ ግስን በቃል መያዝ የዕውቀት በር መሆኑን ሀገሩ አስቀድሞ ስለሚያምን ጭምር ይመስላል። ሆኖም የቅኔ ቤት ከግሱ ጎን ሌላ ትምህርት ነበረው፤ ይህም አገባብ ይባላል። አገባብ በግዕዝ ውስጥ ከስምና ከግስ ጋር እየተያያዙ የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ የሚወስኑ ትናንሽ ቃላት የሚመረመሩበት ክፍል ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብለው ይከፍሉታል፤ ለእያንዳንዱም ቃል የአገባቡን መንገዶች በምሳሌ ያስረዳሉ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከዚህ ውርስ የግሱን ጥናት ወስዶ የአገባቡን ትምህርት ተወው። ተማሪው «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» ይላል፤ «ኦፍ»፣ «አፕ» ወይም «ኦቨር» ሲከተሉት ምን እንደሚሆን ግን የነገረው የለም። የአገባብ ሊቃውንት ባሉበት ሀገር ይህ መሆኑ ሊቆጭ የሚገባ ነው።

ጥፋቱ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም፤ የዘመኑ የቋንቋ ማስተማር ጥበብ ራሱ ወደዚያው ያዘነበለ ነበር። ቻርልስ ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 ያወጣው «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የተባለው የተቀነሰ እንግሊዝኛ 850 ቃላት ብቻ እንደሚበቁ ይናገር ነበር፤ ግሶቹን ወደ 18 ያወረደው ግን ሌሎቹን ሁሉ በእነዚያ 18 ግሶችና በትናንሽ ቃላት ጥምረት በመተካት ስለሆነ፣ የቃላቱ ቁጥር ሲያንስ ለባዕድ ከባድ የሆነው ክፍል እንዲያውም ጨመረ። ማይክል ዌስት በ1953 ያሳተመው፣ በአፍሪካና በእስያ ለብዙ የመማሪያ መጻሕፍት መሠረት የሆነው የተመረጡ ቃላት ዝርዝር የተደራጀው በነጠላ ቃላት ነበር፤ ቃላቱን ብቻ በሚቆጥር አቆጣጠር «ጌት»ን እና «አፕ»ን የተማረ ልጅ «ጌት አፕ»ንም እንደተማረ ይታሰብለታል። ለተማሪ የቀረበ የተሻለ መሣሪያ የሆርንቢ መዝገበ ቃላት ነበር፤ በ1942 በቶኪዮ ታትሞ በ1948 በኦክስፎርድ የወጣው ይህ ሥራ ግሶች ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚሄዱ በቅርጽ እየለየ ያሳይ ስለነበር፣ በኢትዮጵያም «ኦክስፎርድ» እየተባለ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሲፈለግ ኖሯል። በሬዲዮ የሚማረውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም፦ የአሜሪካ ድምፅ በ1959 የጀመረው፣ በ1,500 ቃላት ተወስኖ በዝግታ የሚነበበው የዜና እንግሊዝኛ ባዕድ አድማጭን እንዳያደናግር ሲል ፈሊጣዊ አነጋገርን ሆን ብሎ ያስወግድ ነበር።

በባሕር ዳር ነገሩ መልኩን የለወጠው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በጢስ ዓባይ የተሠራው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫና በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ፣ ከተማዋን ከአንዲት የሐይቅ ዳር መንደር ወደ ኢንዱስትሪና የትምህርት ማዕከልነት አሻገሯት። በዚያው ዓመት፣ በመስከረም 1955 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያ መምህራን፣ ከ270 በላይ ሆነው፣ ወደ ኢትዮጵያ ገቡና በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ፤ ባሕር ዳርም ድርሻዋን አገኘች። እነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ ማስተማርን ሙያቸው አድርገው የመጡ አልነበሩም፤ ለሰዋስው ሕግ የነበራቸው ጥንቃቄ ከዊንጌት እንግሊዛውያን መምህራን ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይዘውት የመጡት ግን ከመጽሐፉ የጎደለውን ነበር። ክፍል ሲገቡ «ሲት ዳውን»፣ ሥራ ሲሰጡ «ፊል ኢን»፣ ወረቀት ሲሰበስቡ «ሃንድ ኢን»፣ ልጁ ሲያመነታ «ካም ኦን» ማለታቸው ለእነርሱ ትምህርት አልነበረም፤ ለሚሰማው ልጅ ግን ከሰሌዳው ላይ የማያገኘው እንግሊዝኛ ነበር። የቤት ኪራይ፣ የገበያ ክርክር፣ የኳስ ጨዋታ፣ ሁሉም ቋንቋው የሚሰማበት ቦታ ሆነ።

በፖሊ ግን የተለየ ነገር ይታይ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት የመጡት መምህራንም ሆኑ ኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አልነበረም፤ ሁለት ባዕዳን በሦስተኛ ቋንቋ ሲገናኙ ደግሞ ሐረጋዊ ግሶች ከሁሉ አስቀድመው ይሰናበታሉ፤ የሚቀረው ፍቺው የማያሻማው፣ ከላቲን የተወረሰው፣ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ቃል ነው። «ፑት ኦፍ» በማለት ፈንታ «ፖስትፖን»፣ «ጎ ኦን» በማለት ፈንታ «ኮንቲኒው» ይባላል። የኢትዮጵያ የተማረ ሰው እንግሊዝኛ በመጽሐፋዊነቱ የሚታወቀው፣ በስብሰባ ላይ የሚያምር በጨዋታ ላይ ግን የሚከብድ የሆነው በከፊል በዚህ ዓይነቱ መገናኛ ስላደገ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1965 ዓ.ም. አካባቢ ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ አካዳሚ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፔዳ» እያለ የሚጠራው፣ የወደፊቱን የእንግሊዝኛ መምህራን ማፍራት ጀመረ፤ ፔዳና ፖሊ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል።

የሰላም ጓድ መምህራን በአብዮቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሀገር ሲወጡ፣ በክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች የሚሰማው የአፍ እንግሊዝኛም አብሯቸው ተመናመነ። በደርግ ዘመን የተዘጋጁት «ኢንግሊሽ ፎር ኒው ኢትዮጵያ» የተባሉት የመማሪያ መጻሕፍት ለሀገሩ የሚስማሙ ምንባቦችን በማቅረባቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ ነገር ግን በአንድ ክፍል በርካታ ተማሪዎችን ይዞ ምንባብ የሚያስነብብ መምህር የዕለት ንግግርን የሚያስተምርበት ጊዜም ሞዴልም አልነበረውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ሲወስን፣ የአንደኛ ደረጃ መምህሩ ራሱ እምብዛም ያልሰማውን ቋንቋ ለሕፃናት እንዲያሰማ ተጠየቀ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ የተተከለው፣ ሕዝቡ ፕላዝማ ያለው ቴሌቪዥን ይህን ጉድለት ይሞላል ተብሎ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጁት ትምህርቶች በሳተላይት ይተላለፉ ስለነበር ሊቆሙ ወይም ሊደገሙ አይችሉም፤ በቴሌቪዥኑ የሚናገሩት መምህራን በተፈጥሯዊ ፍጥነት ሲያወሩ ተማሪው የተማራቸው ግሶች ካልተማራቸው ትናንሽ ቃላት ጋር ተያይዘው በጆሮው ያልፋሉ፤ እያንዳንዱን ቃል ቢያውቀው እንኳ ዓረፍተ ነገሩ አይያዝለትም። ፕላዝማ የተወቀሰባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ይህኛው ግን ተገቢውን ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

በዚህ ሁሉ ጊዜ በሐይቁ ዳር ሌላ ትምህርት ቤት ያለ ደወልና ያለ ሰሌዳ ይሠራ ነበር። ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄዱ እንግዶችን በጀልባ የሚያደርሱና የሚያስጎበኙ ወጣቶች ቋንቋውን ያነሡት ከሥራው ላይ ነው፤ ሥራው ደግሞ ከሞላ ጎደል በሐረጋዊ ግስ የሚሠራ ነው። እንግዳው ጀልባ ላይ እንዲወጣ፣ እንዲይዝ፣ እንዲጠነቀቅ፣ እንዲወርድ፣ እንዲፈጥን የሚነገረው «ጌት ኢን»፣ «ሆልድ ኦን»፣ «ዋች አውት»፣ «ጌት ኦፍ»፣ «ኸሪ አፕ» እየተባለ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሚሰማው «ቴክ ኦፍ» ነው፤ ቅዱሱ ቦታ ጫማን ስለሚያስወልቅ፣ ይህን ጥምር ግስ የማያውቅ አስጎብኚ በጣና ላይ የለም ማለት ይቻላል። ይኸው ጥምረት በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሌላ ፍቺ አለው፤ አውሮፕላን ሲነሣም «ቴክ ኦፍ» ይባላል፤ አስጎብኚው ሁለቱን ሳያምታታ የሚይዘው ፍቺውን ከሚነገርበት ቦታ ጋር አብሮ ስለተማረው ነው። የቋንቋ መምህራን አውድ የሚሉት፣ ማለትም ቃሉ የሚነገርበት ሁኔታ፣ ለእርሱ በማስታወሻ ደብተር የተጻፈ ሳይሆን የቆመበት ደጃፍ ነው። ይህ ዕውቀት የራሱ ወሰን እንዳለው ግን መካድ አይገባም፦ ከአስጎብኚነት ውጭ ባለ ጉዳይ ላይ፣ በተለይም በጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜ አያራምድም።

ከሐይቁ ዳር ትንሽ ራቅ ሲባል ይህኛውም ትምህርት ቤት ያበቃል። በደራ ወረዳ፣ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውኃ ለዘመናት ሕመምተኞችን የሚስብ ስፍራ ቢሆንም፣ የሚመጡት በአብዛኛው የአካባቢውና የሀገሩ ሰዎች ናቸው፤ ፍል ውኃው የሚጠራው ታማሚን እንጂ እንደ ዘጌ የውጭ ጎብኚን አይደለም። ስለዚህ በጣና ጀልባ ላይ «ሆልድ ኦን»ን በጆሮው የሚያገኝ ልጅና በወንዛዬ አካባቢ የሚማር ልጅ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው፣ ለአንድ ዓይነት ፈተና እየተዘጋጁ፣ የሚሰሙት እንግሊዝኛ ግን የተለያየ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእጅ ስልክ የሚታዩ አጫጭር ትምህርቶች ይህን ልዩነት ማጥበብ ጀምረዋል፤ ሐረጋዊ ግሶችን ከነአማርኛ ፍቺያቸው እየዘረዘሩ የሚያቀርቡ ወጣት መምህራን ብዙ ተከታይ ማግኘታቸውም ትምህርት ቤቱ የተወው ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ያሳያል። ዝርዝሮቹ ግን እንደ ቀድሞው የግስ ሰንጠረዥ የሚሸመደዱ ናቸው፤ አንዱ ጥምር ግስ ከሌላው ጋር በምን እንደሚዛመድ አይናገሩም።

ዝምድናውን ለማሳየት የሚያስፈልገው መሣሪያ በአማርኛ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ቅኔ የለመደ ሰው ሐረጋዊ ግስን ሰምና ወርቅ ብሎ ለማስረዳት ይፈተን ይሆናል፤ ነገር ግን በቅኔ ሰሙም ወርቁም በአንድ ጊዜ ሕያዋን ሲሆኑ፣ «ጊቭ አፕ» የሚለው እንግሊዛዊ መስጠትንም ወደ ላይንም ስለማያስብ ንጽጽሩ አይሰምርም። የሚሰምረው በ«አለ»ና በ«አደረገ» ከሚገነቡት ጥምር ግሶች ጋር ነው። አማርኛ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ረጋ አለ»፣ «ፈቀቅ አለ» ሲል፣ እንግሊዝኛ «ሲት ዳውን»፣ «ጌት አፕ»፣ «ሸት አፕ»፣ «ካልም ዳውን»፣ «ሙቭ ኦቨር» ይላል፤ በሁለቱም ቋንቋ አንደኛው ክፍል ብቻውን ሥራውን አይሠራም፤ ሁለቱም ጥምረቶች የዕለት ንግግር ጌጥ እንጂ የአዋጅ ቋንቋ አይደሉም። «አፕ» ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ድርጊቱ እስከ መጨረሻው መድረሱን ነው፤ «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ መብላት፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ መጠጣት፣ «ክሊን አፕ» ጽድት ማድረግ፣ «ድራይ አፕ» ድርቅ ማለት ነው። ይህን የተረዳ የደራ ልጅ አራት ግሶችን ለየብቻ አይሸመድድም፤ «ጥርግ» እና «ጭልጥ» የሚሉትን ሲሰማ ያደገ ነውና «አፕ» እዚያ ምን እንደምትሠራ በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

ሌላው መሣሪያ በግሱ ጫፍ ላይ የሚለጠፈው «ለት»ና «በት» ነው። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» በአንድ ግስ ተሠርተው አንዱ የሚያድን ሌላው የሚጎዳ መሆናቸውን፣ «ሳቀ» እና «ሳቀበት» የተለያዩ መሆናቸውን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛ ለሁለተኛው «ላፍ አት» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስኳር ያለቀባት እናት «ስኳር አለቀብኝ» ስትል የምትገልጸው የስኳሩን ማለቅ ብቻ ሳይሆን ማለቁ በእርሷ ላይ የመጣ ጉዳይ መሆኑን ነው፤ እንግሊዝኛ «ራን አውት» በሚለው ግስ ባለቤቱን ሰው አድርጎ የሚናገረው ይህንኑ ነው። መንገዶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በአማርኛ ትንሿ ክፍል ከግሱ ጋር ትጣበቃለች፣ በእንግሊዝኛ ተለይታ ትቆማለች፤ ትንሽ ክፍል ትልቁን ግስ እንደምትመራ የማመን ልማድ ግን በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ አስቀድሞ አለ።

ይህን ለማስተማር የሚበቃ ጽሑፍም አልጠፋም። ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞስባክ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመዋል፤ ከዳኛቸው ወርቁ ጋር ደግሞ የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስበው በመጽሐፍ አውጥተዋል፤ ዳኛቸውም በአማርኛ «አደፍርስ»ን፣ በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን የጻፉ፣ ሁለቱንም ቋንቋዎች ከውስጥ የሚያውቁ ደራሲ ነበሩ። በእነዚህ ሰዎች ሥራ ውስጥ የእንግሊዝኛው ግስ በአንድ መጽሐፍ፣ የአማርኛው ፈሊጥ በሌላ መጽሐፍ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚያቀርብ የመማሪያ መጽሐፍ ቢዘጋጅ ከፍ ያለ ጥቅም በሰጠ ነበር።

ተናጋሪው ሕዝብ ግን መጽሐፍ አልጠበቀም። ዛሬ በባሕር ዳር ሆስፒታሎች ሕመምተኛው «ቼክ አፕ አደረገ» ይባላል፣ በቢሮ ሠራተኛው ጉዳዩን «ፎሎው አፕ» ያደርጋል፣ ተማሪው የፈተና ውጤቱን ለማየት «ሎግ ኢን» ያደርጋል፣ ፋይሉንም «ባክ አፕ» ያደርጋል። ሐረጋዊ ግሶቹ ወደ አማርኛ የገቡት በሌላ በር አይደለም፤ «ጥርግ» እና «ጭልጥ» ይቆሙበት በነበረው ቦታ ላይ ቆመው፣ ዘመኑንና ባለቤቱን የሚሸከምላቸውን «አደረገ»ን አስከትለው ነው። ሲገቡም ፍቺያቸው ጠብቧል፤ «ቼክ አፕ» በአማርኛ የሕክምና ምርመራ ብቻ ሆኗል፣ «ሜክ አፕ» መታረቅንም መፈልሰፍንም ትቶ የፊት መዋቢያ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ተማሪው እነዚህን ቃላት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ሲያገኛቸው የሚያውቃቸው ስለሚመስለው፣ ከማያውቃቸው ይልቅ የሚያሳስቱት እነርሱ ሆነዋል፤ በክፍል ውስጥ ቅድሚያ ሊሰጣቸው የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።